የጎማ ኩሽኔታ ለሚጮኽባችሁ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የት ይሠራ? የትኛው ይገዛ?

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። ሰሞኑን ሦስት ሰው በተለያየ ቀን አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀኝ፤ «መኪናዬ ፍጥነት በጨመርኩ ቁጥር ያጉረመርማል፣ የት ላሳየው?» ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የኩሽኔታ፣ ማለትም ጎማው ልስልስ ብሎ እንዲሽከረከር መሃሉ ላይ የሚገባው ባለ ኳስ ቀለበት ነው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

እኔ ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። በየቀኑ በቪትዝ እመላለሳለሁ። በዚህች መኪና የቀኝ የፊት እግር ኩሽኔታ ምክንያት ዓመት ሳይሞላ ሁለት አዲስ ጎማ፣ ሁለት ኩሽኔታና ሦስት የእጅ ዋጋ ከፍያለሁ። መክፈል የነበረብኝ ለአንድ ኩሽኔታና ለአንድ የእጅ ዋጋ ብቻ ነበር። እናንተ እንዳትደግሙት ነው የምጽፈው።

ድምፁ የጀመረኝ ግንቦት ላይ ነው። 40 አካባቢ ቀስ ያለ ጉርምርምታ፣ 60 ስገባ ከፍ ይላል፣ ፍጥነት ስቀንስ አብሮ ይወርዳል። መጀመሪያ ያየልኝ ሰው «ጎማሽ ተበልቷል፣ እሱ ነው» አለኝ። ሁለቱን የፊት ጎማዎች ቀየርኩ፤ ድምፁ ግን አልተቀየረም። ቀጥሎ አንድ ጋራዥ ገባሁ። ኩሽኔታ መሆኑን አወቁ፣ አወጡት፣ አዲሱን ግን በመዶሻ እየመቱ አስገቡት። ቆሜ አየሁ፣ ምንም አልመሰለኝም። ሦስት ወር ሳይሞላ ያው ጉርምርምታ ተመለሰ።

ነገሩን የፈታልኝ ጋራዥ ሳይሆን ደሴ ውስጥ መንገድ ዳር የሚሠሩ አንድ ጋሼ ናቸው። መኪናዋን በክሪክ አነሱ፣ ከሥር የብረት መደገፊያ አስገቡ፣ ከዚያ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ወዘወዙት። ትንሽ ቀጭ የምትል ነገር አለች። ልጁን «ፍሬን ርገጥ» አሉትና ደግመው ወዘወዙ፤ ቀጭታው ጠፋ። ፍሬን ሲረገጥ ከጠፋ ኩሽኔታ ነው፣ ካልጠፋ ወደ ቴስቲኒው፣ ማለትም ወደ እግሩ መጋጠሚያ ነው የሚኬደው አሉኝ። ቀጥለው ጎማውን በእጃቸው እያሽከረከሩ «ልጄ፣ ነይ፣ እጅሽን ሞላው ላይ አድርጊ፣ እንዳትቆነጠጪ ከጎን በኩል» አሉኝ። አደረግኩ። ደረቅ ጥሬ በወፍጮ ሲፈጭ ያለ መንቀጥቀጥ መዳፌ ውስጥ ገባ። ወዲያው ወደ ግራው ጎማ ወሰዱኝና እሱንም አሽከረከሩልኝ፤ ምንም የለም፣ ልስልስ ያለ ነው። ልዩነቱን አንዴ በእጃችሁ ካወቃችሁት አትረሱትም።

«በሉ ይቀይሩልኝ» ስላቸው ያሉኝን እስካሁን አልረሳሁትም። «እኔ ጋ ፕሬስ፣ በግፊት የሚያስገባው ማሽን የለም። በመዶሻ ብመታልሽ ያንቺንም ገንዘብ የኩሽኔታውንም ዕድሜ በላሁት ማለት ነው» አሉ። ለምርመራው ትንሽ ብር ብቻ ተቀብለው ወደ ኮምቦልቻ ላኩኝ። ምርመራውን ከሚሠራው መለየት እንደሚቻል የተማርኩት ያን ቀን ነው። የመጀመሪያው ጥቆማዬም ይኸው ነው፤ ዕቃ ሳትገዙ፣ ጋራዥ ሳትቀጥሩ፣ የታመመው እግር የትኛው እንደሆነ በክሪክ አስነስታችሁ እወቁ።

ክሪክ ጋ ከመድረሳችሁ በፊትም እኛ ሌላው ከተማ የሌለው መሞከሪያ አለን። ከደሴ ኮምቦልቻ ስንወርድ ዶሮ መዝለያ ላይ ያለው ጥምዝ መንገድ ኩሽኔታ ይናገርበታል። መኪና ወደ ግራ ስትታጠፍ ክብደቷ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ወደ ግራ በምትታጠፉበት ኩርባ ጉርምርምታው ከፍ ካለና በቀኝ ኩርባ ከቀነሰ የቀኙን ጠርጥሩ። ተቃራኒው ከሆነ የግራውን። ሬዲዮ ዝጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ በተራራው ግድግዳ በኩል ስትሄዱ ድምፁ ተመልሶ ይመጣላችኋል። ይሄ መጠርጠሪያ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፣ አንዳንዴ ያሳስታል። ደሴ ውስጥ ያለው ኮብልስቶን ደግሞ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ድንጋዩ ራሱ ይጮኻል።

አንድ ስህተት ግን ብዙ ሰው ሲሠራ አያለሁ። ኮምቦልቻ ደርሶ ቸርኬውን በእጁ ይነካና «ይሄኛው ይሞቃል፣ ኩሽኔታው ሄዷል» ይላል። ከደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ተነስቶ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ የወረደ መኪና ፍሬኑ ሁሉ ይሞቃል፤ ያ ሙቀት ስለ ኩሽኔታ ምንም አይነግራችሁም። በሙቀት ማወዳደር ከፈለጋችሁ ሜዳ በሆነ መንገድ ላይ ፍሬን ሳታበዙ ነድታችሁ ግራና ቀኙን አወዳድሩ፤ ስትነኩም ተጠንቀቁ፣ ያቃጥላል።

ጎማ ይሁን ኩሽኔታ ለመለየት የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ አዛውራችሁ ሞክሩ፤ ድምፁ አብሮ ወደ ኋላ ከሄደ ጎማው ነው። ጎሚስታ በደቂቃዎች ይሠራዋል። እኔ ይሄን ባውቅ ኖሮ ሁለት ጎማ አልገዛም ነበር። መሪ እስከ መጨረሻው አዙራችሁ ስትነሱ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» የሚል ከሆነ ደግሞ ኩሽኔታ ሳይሆን ሲቪ ጆይንት፣ ማለትም ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ መጋጠሚያ ነው። ሞተር መሆኑን ለመለየት ሜዳ ላይ ለአፍታ ማርሹን ባዶ አድርጋችሁ ስሙ፤ የሞተሩ ድምፅ ወርዶ ጉርምርምታው ከቀጠለ ከእግር ነው። ይሄን ቁልቁለት ላይ በፍጹም እንዳትሞክሩት።

አሁን ወደ ማወዳደሩ።

የቪትዝና የብዙ ኮሮላዎች የፊት ኩሽኔታ ናክል በሚሉት ወፍራም ብረት ውስጥ በግፊት የሚገባ ነው፤ ያለ ፕሬስ በደንብ አይገባም። ስለዚህ ለፊት እግር ምርጫዬ ኮምቦልቻ ነው። የፋብሪካና የከባድ መኪና ከተማ ስለሆነች ከባድ ፕሬስ ያለው ጋራዥ ለማግኘት እኔ አልተቸገርኩም፤ ጠዋት አስገብቼ ከሥራ ስወጣ ወሰድኳት። ደሴ ከሆናችሁ ደግሞ ሁለተኛ መንገድ አለ፤ መካኒኩ ናክሉን ከነሞዞው (ጎማው ከሚታሰርበት የመሃል ብረት ጋር) ፈትቶ በባጃጅ ፕሬስ ያለው ቶርኖ ቤት ይወስደዋል፣ እዚያ ይወጣል፣ አዲሱም ይገባል። ጎረቤቴ በዚህ መንገድ አሠርቶ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ዋጋው ከጋራዡ ይቀንሳል፣ ግን አብራችሁ ሂዱ። የቶርኖ ባለሙያው ስለ ብረት እንጂ ስለ እናንተ መኪና ላያውቅ ይችላል፣ መካኒኩም ዕቃውን በልጅ ልኮ ሊቀመጥ ይችላል።

ቆማችሁ የምታዩት ይሄን ነው፤ ኩሽኔታው ወደ ናክሉ ሲገባ መገፋት ያለበት የውጭ ቀለበቱ ነው። ሞዞው ወደ ኩሽኔታው ሲገባ ደግሞ የውስጥ ቀለበቱ ከሥር መደገፍ አለበት። በተሳሳተው ቀለበት ከተገፋ ጉልበቱ በኳሶቹ በኩል ያልፍና መንገዳቸው ላይ ጠባሳ ይተዋል። የመዶሻም ጥፋት ይኸው ነው። ያን ቀን አይታወቅም፤ ከሳምንታት በኋላ ነው የሚጮኸው።

የኋላው ሌላ ነገር ነው። ቪትዝ ላይ የኋላው ኩሽኔታ ከነሞዞው አንድ ላይ የተሠራና በአራት ቡሎን የሚታሰር ነው፤ ፕሬስ አይፈልግም። ለሱ ኮምቦልቻ ድረስ መውረድ አያስፈልግም፣ ደሴ ውስጥ ያለ ማንኛውም ጠንቃቃ መካኒክ ይሠራዋል።

አዲስ አበባ ወስዶ ማሠራት? ለዚህ ሥራ አላየሁበትም። ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ ዕቃ ማስመጣት ግን ጠቅሞኛል፤ እዚህ ያጣሁትን በአውቶቡስ አስጭኜ በማግስቱ ተቀብያለሁ። ስታዙ የመኪናውን የሻንሲ ቁጥርና የድሮው ኩሽኔታ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በፎቶ ላኩ። «የቪትዝ ስጡኝ» ብቻ ካላችሁ ቪትዝ ብዙ ዓይነት ነው፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲረገጥ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ያለውና የሌለውም ይለያያል።

ወደ ዕቃው ስንመጣ፣ ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ብር አልጽፍም። እኔ በገዛሁ ጊዜ የጃፓኑ ከርካሹ ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም። ኮዮ፣ ኤንኤስኬና ኤንቲኤን የጃፓን ናቸው፤ ኤስኬኤፍ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1907 ጀምሮ ያለ የስዊድን ድርጅት ነው። ከእነዚህ አንዱን እውነተኛ ካገኛችሁ ሳትሳሱ ግዙ፤ የእጅ ዋጋውን ሁለተኛ ከመክፈል ይረክሳል። እኔ አሁን የገባልኝ ኮዮ ነው፣ ሁለት ክረምት አልፎበታል። ስም የሌለው ርካሹ ለሁሉም መጥፎ ነው አልልም። ከተማ ውስጥ ብቻ ለምትሠራ መኪና የተወሰነ ጊዜ ያገለግላል፤ በየቀኑ ዶሮ መዝለያን ለሚወርድና ለሚወጣ ሰው ግን አልመክረውም።

ችግሩ የታወቀ ስም የለጠፈ ሐሰተኛ መብዛቱ ነው። ካርቶኑን አትመኑ፤ ብረቱን አውጥታችሁ እዩ። የእውነተኛው ጽሑፍ ብረቱ ላይ ጥርት ብሎ የተቀረጸ ነው፣ በጥፍር አይለቅም፣ ካርቶኑ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አንድ ነው። ኤስኬኤፍ ፎቶ ልካችሁ የምታጣሩበት የስልክ መተግበሪያም አለው። ነጋዴው ፕላስቲኩን እንዳትከፍቱ ከከለከላችሁ ወይም ዋጋው ከሌላው ሁሉ በጣም ከወረደ ተዉት።

ሦስተኛው አማራጭ ያገለገለ ናክል ከነኩሽኔታው መግዛት ነው። ፕሬስ አይጠይቅም፣ ኩሽኔታውም ኦሪጅናሉ ሊሆን ይችላል። ስንት እንደሠራ ግን ማንም አያውቅም። እዚያው ሱቁ ላይ በእጃችሁ አሽከርክሩት፤ ሻካራ ከሆነ ወይም ውሃ የገባበት ዝገት ካለ መልሱት። መኪናው በአስቸኳይ የሚፈለግ ከሆነ እንጂ እኔ አልመርጠውም።

ሲገጠም የምትጠብቋቸው ሌሎች ነገሮች አሉ። ኤቢኤስ ባላቸው ብዙ መኪኖች ላይ የኩሽኔታው አንዱ ጎን ማግኔት አለው፤ ያ ጎን ወደ ሴንሰሩ መዞር አለበት። ከተገለበጠ ዳሽቦርዱ ላይ የኤቢኤስ መብራት ይበራል፣ ሥራው ሁሉ እንደገና ይፈታል። ትልቁ የመሃል ዳዶ አዲስ ይሁን። መጨረሻውም በአየር ሽጉጥ ሳይሆን በቶርክ ሬንች፣ የማጥበቂያውን ልክ በሚያሳየው ቁልፍ ይታሰር፤ ለምሳሌ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2003 እስከ 2008 የነበረው ኮሮላ የፊት ዳዶው 216 ኒውተን ሜትር ነው፣ የጎማው ዳዶ 103። የእናንተን መኪና ልክ ይፈልጉላችሁ። ያ የመሃል ዳዶ ሳይጠብቅ መኪናዋን መሬት አውርደው አይግፏት፤ አዲሱ ኩሽኔታ እዚያው ይጎዳል። ናክሉ ከተፈታ በኋላም አላይመንት አሳዩ።

«ሁለቱንም ጎን ቀይሩ» ለሚሏችሁ፣ የታመመውን ብቻ ቀይሩ። ጤነኛውን ማውጣት ገንዘብ መጣል ነው። «ግራሶ እናድርግበትና ይለፍ» የሚላችሁም ካለ፣ የቪትዝና የአዲሶቹ ኮሮላዎች ኩሽኔታ ድፍን ነው፣ ግራሶ የሚገባበት ቦታ የለውም።

ዲኤክስ የሚባለውን የድሮ ኮሮላና የድሮውን ሚኒባስ ለምትነዱ ነገሩ ይለያል። የእናንተ የፊት ኩሽኔታ ሾጣጣው ዓይነት ነው፤ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ሙቀት የሚችል ግራሶ ይሞላል፣ ይስተካከላል። ፕሬስም ኮምቦልቻም አያስፈልጋችሁም፤ ደሴ ውስጥ ያሉ የድሮ መካኒኮች ከማንም በላይ ያውቁታል። ማስተካከሉ ላይ ብቻ ንቁ፦ ጎማው እየተሽከረከረ ይጠብቃል፣ ይላላል፣ ከዚያ በእጅ ኃይል ብቻ ይመለሳል። በቁልፍ አጥብቆ የሚዘጋ ሰው ኩሽኔታውን ያቃጥልባችኋል። በክረምት ጎርፍ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ግራሶው ውሃ ነክቶት ነጣ ብሎ እንደሆነ አስከፍታችሁ እዩ።

ጎማው በእጅ ሲወዘወዝ በግልጽ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን መኪናዋን እየነዳችሁ ወደ ኮምቦልቻ አትውረዱ። የፍሬኑ ፔዳልም መጀመሪያ ስትረግጡት ወደ ታች ሊርቅባችሁ ይችላል፣ ጎማው ራሱም ሊነቀል ይችላል፣ በዚያ ቁልቁለት ላይ። ደሴ ላይ አስፈትታችሁ ናክሉን ብቻ ላኩት።

ከሐይቅ ከተማ በኩል ፕሬስ ያለው ጋራዥ ያሠራችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። የሥራ ባልደረባዬ ኮሮላ የግራ የፊት እግሩ ቀጭ ማለት ከጀመረ አራተኛ ቀኑ ነው፤ ሐይቅ ቆሟል፣ እስከ ደሴ እንዳይነዳው ከልክዬዋለሁ።