የዕቅድ ውይይት፦ ስለ ሼክስፒር ሚስት የምናዘጋጀው የአንድ ሰው ቴአትር

አስተባባሪ፦
ጤና ይስጥልን። ቴአትሩ ስለ አን ሃታዌይ እንዲሆን ተስማምተናል፤ የቀረን የጋራ ሰነዱን ጨርሶ ማስገባት ነው። መነሻችን ይህ ነው፦ አንዲት ተዋናይት፣ 60 ደቂቃ ያለ ዕረፍት፣ ለንደን ውስጥ 80 ሰው የሚይዝ ወለሉ ጠፍጣፋ አዳራሽ። መጀመሪያ ዘመኑን እንቁረጥ። የባሏ ኑዛዜ በተጻፈበት በ1616 ነው የምናቆማት ወይስ በ1623? (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው።)

ድርሰት ክፍል፦
1623 ይሁን። አን ያረፈችው በዚያ ዓመት ኦገስት 6 ነው። የባሏን 36 ተውኔቶች የያዘው ትልቁ መጽሐፍ ያኔ ለንደን ውስጥ ማተሚያ ቤት ነበር፤ የወጣው በዓመቱ መጨረሻ ስለሆነ አላየችውም። ከኑዛዜው ከጀመርን ግን ተመልካቹ የሚጠብቀው ባሏ በኑዛዜው የተወላትን አልጋ ብቻ ይሆናል፤ አልጋው ከመጣ ደግሞ ሌላው ሁሉ ይጋረዳል።

ታሪክ ክፍል፦
እስማማለሁ። አልጋውንም እንደ ስድብ እንዳንጽፈው አደራ። «ከምርጡ ቀጥሎ ያለውን አልጋዬን ከነዕቃው» የምትለዋ ቃል በመስመሮች መካከል ገብታ የተጻፈች ናት። ምርጡ አልጋ በዘመኑ ብዙ ጊዜ ለእንግዳ የሚቀመጥ ነበር፤ ሁለተኛው የባልና ሚስቱ ሊሆን ይችላል የሚሉ አሉ፤ ንቀት ነው የሚሉም አሉ። ተዋናይቷ ፍርድ ሳትሰጥ ታንብበው።

የበለጠ የሚጠቅሙን ሌሎቹ ሰነዶች ናቸው። የአባቷ እረኛ ቶማስ ዊቲንግተን በ1601 በተናዘዘው ላይ ለእነሼክስፒር ከተማ ለስትራትፎርድ ድሆች የተወው 40 ሺሊንግ በእሷ እጅ እንዳለ ይናገራል። በ1598 የከተማው የእህል ቆጠራ ደግሞ እነሼክስፒር ቤት 10 ኳርተር (የዘመኑ የእህል መስፈሪያ) ብቅል አስመዝግቧል። ባልየው ለንደን ሲሠራ ቤቱን ማን እንደያዘው ከዚህ በላይ የሚነግረን የለም።

ድርሰት ክፍል፦
ጋሼ፣ ብቅሉ መዋቅሩን ይሰጠናል። ሰዓቱን ሙሉ ብቅል እያገላበጠች፣ እየለቀመች ትናገር። እጇ ሥራ ካልያዘ መነባንቡ ንግግር ይሆናል፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ተመልካች ይደክማል። የኛ ሰው ደግሞ ብቅል ምን እንደሆነ ማንም ሳያስረዳው ያውቃል። ርዕሱንም «ባለቤት» ብንለው? ሚስትም ናት፣ ቤቱን የያዘችውም እሷ ናት። የአሜሪካዊቷ የፊልም ተዋናይት ስም አንድ ዓይነት ስለሆነ «አን ሃታዌይ» ብለን ፖስተር ላይ ብንጽፍ ሰው ይሳሳታል።

ቁሳቁስ ክፍል፦
«ባለቤት» ደስ ይላል። ስለ ብቅሉ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ደረቅ ብቅል ሲገላበጥ ብናኙ ጉሮሮ ይይዛል፤ ብቻዋን ለምትናገር ተዋናይት አደጋ ነው። 2 ኪሎ ብቅል ቀድሞ በወንፊት ይነፋ፣ ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ። ቅርጫቱ ከሥር በጨርቅ ይሞላና ብቅሉ ከላይ ይነስነስ። የሸክላ እንስራውም ውስጥ የምትጠጣው እውነተኛ ውሃ ይኑር።

አልጋው 180 በ120 ሴንቲ ሜትር፣ በ8 ብሎን የሚፈታ ይሁን። ያለዚያ በአዳራሹ በር አይገባም። በገመድ የተወጠረ አልጋ ለዘመኑ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ገመዱ በየልምምዱ ይረግባል፣ ስትቀመጥም እየተንቋቋ ዝምታዋን ያበላሽብናል። ገመዱ ለዓይን በጎን ይታይ፤ ክብደቷን 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይሸከም።

መብራትና ድምፅ፦
በ80 ሰው አዳራሽ ማይክ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ከፍታ ነው። ወለሉ ጠፍጣፋ ስለሆነ አልጋው ላይ ስትቀመጥ ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ ያለው ሰው ከፊቱ ያለውን ጭንቅላት ብቻ ነው የሚያየው። 2 በ1 ሜትር የሆኑ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው 6 መድረኮች ብንከራይ 4 በ3 ሜትር ይሆንልናል። መብራቱ ከ15 ለውጥ አይብለጥ፤ ሻማው የባትሪ ይሁን።

ትርጉም ክፍል፦
አንድ ያልተነሳ ነገር አለ። አን ባሏን «እሱ» ትበለው ወይስ «እሳቸው»? በእንግሊዝኛ ይህ ጥያቄ የለም፤ በአማርኛ ግን ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ጀምሮ ትዳሩን ይወስነዋል። ሲጋቡ እሷ 26፣ እሱ 18 ዓመቱ ነበር። ስለዚህ እስከ መጨረሻው «እሱ» ይሁን፤ ኑዛዜውን ስታነብ ብቻ፣ አንድ ጊዜ፣ «እሳቸው» ትበል። ያቺ አንዲት ቃል የሞተውን ባል ለከተማው ሰው ስታስረክበው ታሳያለች።

ሁለተኛው የልጁ ስም ነው። ሐምኔት በ11 ዓመቱ ሞቶ የተቀበረው ኦገስት 11 ቀን 1596 ነው። ሕዝባችን በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም «ሐምሌት»ን ስለሚያውቅ ተዋናይቷ የተሳሳተች ይመስለዋል። «ልጄ» እያለች ትቆይና ስሙን አንድ ጊዜ፣ መንትያውን ጁዲትን ጠርታ ወዲያው ትጥራው።

አልባሳት ክፍል፦
ከላይ የሱፍ ቀሚስ፣ ከሥር በፍታ፣ ነጭ ሻሽ። ነጠላ ይደረብ የሚል ሐሳብ ሰምቻለሁ፤ እኔ አልደግፍም። ሴትዮዋ የዎሪክሸር ገበሬ ልጅ ናት፤ ቋንቋው ካቀረባት ልብሱ መዋሸት የለበትም።

አስተባባሪ፦
እትዬ፣ ልክ ነዎት፤ ማሲንቆውንም በዚሁ ምክንያት ትተነዋል። የጽሑፉ ርዝመትስ?

ድርሰት ክፍል፦
በመድረክ ፍጥነት በደቂቃ 85 ቃል ገደማ ነው። ዝምታውን ስንጨምር ከ4,500 ቃል አይለፍ። መዝጊያው የመቃብሯ ላቲን ጽሑፍ ቢሆን? «እናቴ ሆይ፣ ጡትና ወተት፣ ሕይወትም ሰጠሽኝ፤ ወየው ለእኔ! ለዚህ ሁሉ ስጦታ የምመልሰው ድንጋይ ነው» ይላል። እሷ ከወጣች በኋላ ባዶው አልጋ ላይ በልጅ ድምፅ ተቀድቶ ይሰማ።

ትርጉም ክፍል፦
ይሁን። አማርኛ ለማይሰሙ ልጆቻችን የእንግሊዝኛው ጽሑፍ በፕሮጀክተር ይታያል፤ ሁለት ሁለት መስመር ሆኖ ወደ 450 ገጽ ይመጣል። በሰዓት እንዳናስኬደው። ተዋናይቷ አንድ አንቀጽ ከዘለለች ጽሑፉ እስከ መጨረሻ ይሳሳታል። አማርኛውን የሚያውቅ ሰው በእጁ እየተከተለ ይቀይር፤ ቢያንስ በ4 ልምምድ ላይም ይገኝ።

አስተባባሪ፦
ይህን ሁሉ በሰነዱ አስገባለሁ። እትዬ፣ የሱፉን ዋጋ ለ5 ሜትር ይላኩልኝ። ቁሳቁስ ክፍል ደግሞ የአዳራሹን በር ስፋት ለክታችሁ ንገሩኝ፤ እንጨቱ ከመቆረጡ በፊት።