በሶብላና ጤና አዳም አፓርትመንት ውስጥ፦ መብራቱና አፈሩ ምን ይሁን?

የሴንትፖሏ
ሰላም ናችሁ፣ ሚኒሶታ ሴንት ፖል ነኝ፣ አፓርትመንት ነው፣ በረንዳ የለኝም። ኦክቶበር ላይ ከሀበሻ ሱቅ የገዛሁትን የደረቀ በሶብላ በእጄ አሽቼ ዘሩን አወጣሁና ዘራሁት፣ በ8 ቀን ሲበቅል ደስታዬን አትጠይቁኝ፣ ግን ከዛ በኋላ እንደ ክር ቀጥኖ ወደ መስኮቱ ተንጋደደና አንድ ጠዋት ስነሳ ሁሉም ከስሩ ልፍስፍስ ብሎ ተኝቷል። መስኮቴ ወደ ሰሜን ነው የሚያየው፣ አፈሩ ደግሞ ጓደኛዬ ጓሮ የቆፈርኩት ጥቁር አፈር ነው። ሜይ ላይ እናቴ ትመጣለች፣ እኔ ባበቀልኩት በሶብላ ቅቤ ብናነጥር ነው ምኞቴ፣ ለቡናዋ ደግሞ ጤና አዳም። ዩቲዩብ ላይ ቤት ውስጥ ለሚበቅል ተክል ድንኳን ግዙ ቬንትሌተር ግዙ ይላሉ፣ እውነት ያ ሁሉ ያስፈልጋል? ከምን ልጀምር?

ሲያትል21
እህቴ ከመብራት ጀምሪ። እንደ ክር የቀጠነው ብርሃን ፍለጋ ነው፣ እናንተ ጋ ዲሴምበር ላይ ፀሐይ 9 ሰዓት እንኳን አትሞላም፣ በሰሜን መስኮት ደግሞ በቀጥታ አትገባም፣ ስለዚህ ምንም አፈር ብትገዢ ያለ መብራት አይሆንም። ድንኳኑን ተይው፣ ለሁለት ሦስት ፖት ሼልፍ ይበቃል። ነጭ ኤልኢዲ ግዢ፣ ካርቶኑ ላይ ከ5000 እስከ 6500 ኬልቪን (የብርሃኑ ቀለም መለኪያ ነው) የሚል፣ ሐምራዊውም ያበቅላል ግን ዓይን ያደክማል ደግሞ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር አያሳይሽም። በትልቁ «1000 ዋት» ብለው የሚጽፉትን አትመኚ፣ ከግድግዳው በትክክል የሚስበውን ዋት ፈልጊ፣ ላንቺ 30 ዋት ይበቃል። ከችግኙ ጫፍ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ከፍ አድርገሽ ስቀይው፣ ሲያድግ መብራቱንም ከፍ፣ በታይመር ቀን 14 ሰዓት ይብራ ማታ ይጥፋ። መብራት ይቆጥርብኛል ብለሽ እንዳትፈሪ፣ 30 ዋት በቀን 14 ሰዓት ማለት በወር 13 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው።

እማማ_ጓሮ
ልጄ፣ ከስሩ ልፍስፍስ ያለው ፈንገስ ነው፣ ቀዝቃዛና ርጥብ አፈር ላይ ችግኝ እንደዛ ይመታል። የጓሮ አፈር ፖት ውስጥ ይጠጥራል፣ አየር አያስገባም፣ ተባዩንም ይዞ ይገባል። ፖቲንግ ሚክስ የሚባለውን፣ ለፖት ተብሎ በከረጢት የሚሸጠውን ቀላል አፈር፣ ግዢና ለሦስት እጅ አንድ እጅ ፐርላይት፣ ያቺን ነጭ ቀላል ጠጠር፣ ቀላቅይበት፣ ፖቱ ታች ቀዳዳ ይኑረው፣ ይሄን አደራ። የበሶብላ ዘር ውሃ ሲነካው እንደ ተልባ ነው የሚያዝለገልገው፣ አትቅበሪው፣ ላዩ ላይ በትነሽ በጣት ጫን ብቻ አድርጊው። ሙቀት ይወዳል፣ መስኮቱ ስር ብርዱ ላይ አታስቀምጪው። ውሃ የምታጠጪው ጣትሽን ከተሽ ላዩ ሲደርቅ ነው፣ በየቀኑ ካጠጣሽ ትንንሽ ጥቁር ትንኝ ይወርሻል። አራት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ጫፉን ቁረጪው ያኔ በጎን ይንሰራፋል፣ እኔ ሳሳሁና ሳልቆርጠው የቀረሁ ጊዜ አንድ ቀጭን እንጨት ሆኖ ነው አበባ ያወጣው።

ጓሮዬ_ዲሲ
የተባለው ሁሉ ልክ ነው ግን ጤና አዳሙን ለብቻው ፖት አድርጊው። በሶብላ ውሃ ሲያጣ ወዲያው ይጠወልጋል፣ ጤና አዳም ግን ብዙ ውሃ ነው የሚገድለው፣ አፈሩ ላይ አሸዋ ወይ ፐርላይት በደንብ ጨምረሽ እስኪደርቅ ጠብቂ። ከዘር ቀርፋፋ ነው አንዳንዴ 3 ሳምንት ይቆያል፣ የሚያውቁት ሰው ጋ ካለ ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከል ይሻላል። አበባ መሸጫ «ሩ» ብለው የሚሸጡት ዘመዱ ነው እንጂ የኛው አይደለም፣ የኛው ሩታ ቻሌፔንሲስ ነው፣ ሲያብብ ቢጫው የአበባ ቅጠል ዳሩ ዘርፍ ዘርፍ አለው። አንድ ነገር ግን፣ በጋ ላይ ውጭ አውጥተሽ ስትቆርጪው ጓንት አድርጊ፣ ፈሳሹ እጅ ነክቶ ፀሐይ ካገኘው እንደ ቃጠሎ ውሃ ያቋጥራል፣ እኔ ክንዴ ላይ ጠባሳው ለወራት ቆይቷል።

የሴንትፖሏ
እማማ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም ተባረኩ። ፖቲንግ ሚክስና ፐርላይት ዛሬ ገዛሁ፣ መብራቱ ሐሙስ ይደርሳል። አሁን ጃንዋሪ መጨረሻ ብዘራ ለሜይ ይደርሳል?

እማማ_ጓሮ
ይደርሳል እንጂ፣ በሁለት ወሩ መቁረጥ ትጀምሪያለሽ። ሁሉንም ዘር ግን አንዴ አትዝሪው፣ ግማሹን አስቀምጪ፣ የሱቅ ዘር የቆየ ሊሆን ስለሚችል ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ፖት ላይ ድገሚው። ለቅቤው አበባውንም አድርቂው፣ ሽታው እዛ ላይ ነው።