ለዓሣ ማውረጃ ቦታ የመንግሥት በጀት እንዴት ይጠየቃል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር አቅራቢያ ጣና ላይ ዓሣ አጠምዳለሁ። 12 ዓመት ሆነኝ። ዓሣውን የምናወርደው ጭቃ ላይ ነው። ጥላ የለም፣ በረዶ የለም። ረፋድ ላይ ቆሮሶ የምንለው ዓሣ ይለሰልስና ነጋዴው በግማሽ ዋጋ ይወስደዋል። ባለፈው ክረምት ደግሞ የወንድሜ የደንገል ታንኳ በማዕበል ተገለበጠ። ላይፍ ጃኬት አልነበረውም። የሌላ ሰው ታንኳ ደርሶ ነው የተረፈው። እናታችን እስካሁን ማታ በር ላይ ቆማ ትጠብቀናለች። ማውረጃ እንዲሠራልን ማንን እንጠይቅ?

መልስ፦ እግዜር አተረፈው ወንድሜ። ለየብቻ አትሂዱ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው። በማኅበር ሆናችሁ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቱ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ማመልከቻው ቀደም ብሎ ካልገባ ይዘገያል።

መልስ፦ እኔ ዝዋይ ዳር ሽንኩርት አለማለሁ። ፀረ ተባይ ያለ ጭምብል ረጭቼ ሦስት ቀን ዓይኔን መግለጥ አቃተኝ። ከሲሚንቶው በፊት የሰው ነፍስ ይቅደም። ላይፍ ጃኬቱን በመጀመሪያው መስመር ጻፉት።

ጠያቂ፦ እሺ፣ ተባረኩ። 23 ነን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንሰበሰባለን። ጃኬቱ አንደኛ ይሆናል።