የሰሜን ኢትዮጵያን ተራሮች የሠራው ላቫ ለምን የዝርያዎች የጅምላ መጥፋት አላስከተለም?

ጥያቄ (የሳይንስ መምህርት፣ ሐዋሳ)፦
ከከተማችን ብዙም ከማይርቀው ከኮርቤቲ እሳተ ገሞራ የተገኘ ባልጩት ለተማሪዎቼ ሳሳይ፣ አንዷ «ፍጥረትን የጨረሰው እንዲህ ያለው እሳት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከ252 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በሳይቤሪያ የፈሰሰው ላቫ አብዛኞቹ የባሕር እንስሳት ዝርያዎች ከጠፉበት ዘመን ጋር እንደሚገጣጠም አውቃለሁ። የእኛን ከፍተኛ ቦታዎች የሸፈነውም እጅግ ብዙ ከሆነ፣ ተመሳሳይ ጥፋት ያላደረሰው ለምንድን ነው?

መልስ (የጂኦሎጂ ባለሙያ፣ አዳማ)፦
መምህርት፣ በቅድሚያ ሁለቱን ነገሮች መለየት ያስፈልጋል። ባልጩት ሲሊካ የበዛበት ዝልግልግ ቅልጥ አለት በፍጥነት ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር መስታወት ነው፤ ስስ ጠርዙን ወደ ፀሐይ ቢያዞሩት ብርሃን ያሳልፋል። ኮርቤቲም ስምጥ ሸለቆው ከተከፈተ በኋላ የመጣ፣ በዕድሜ ወጣት እሳተ ገሞራ ነው። የሰሜኑ ተራሮች ግን ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ስንጥቆች እየፈሰሰ በተነባበረ ባዛልት፣ ማለትም ግንበኞች ጥቁር ድንጋይ በሚሉት፣ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ውፍረቱ አንዳንድ ቦታ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። ዓረቢያን ከአፍሪካ የለየው የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ መከፈትም ከዚሁ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ የሳይቤሪያው መጠን ከእኛው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከዚያም በላይ፣ ወደ ላይ ያልወጣው ቅልጥ አለት በድንጋይ ከሰል፣ በነዳጅና በጨው ንጣፎች መካከል ወደ ጎን እየሰረገ እነርሱን አቃጠላቸው። የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን ምድርን አሞቀ፤ የውቅያኖስ ውሃም አሲዳማ ሆነ፣ ኦክስጅኑም ተመናመነ። ገዳዩ ላቫው ሳይሆን ጋዙ ነበር።

መልስ (የጂኦግራፊ መምህር፣ ሐዋሳ)፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም በዓባይ ሸለቆ ከባዛልቱ ሥር የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም ስለሚታይ፣ «እኛ ጋ ከሥር ጋዝ የሚሰጥ አለት አልነበረም» ወደሚል ድምዳሜ እንዳንሄድ እሰጋለሁ። የአለቱ ዓይነት፣ ቅልጥ አለቱ በውስጡ የተሰራጨበት ስፋትና ጋዙ የወጣበት ፍጥነት አብረው መታየት አለባቸው።

የአህጉር መሰንጠቅም ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ከ201 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፓንጋያ፣ ማለትም የዛሬዎቹን አህጉራት በአንድነት የያዘው ጥንታዊ ታላቅ አህጉር፣ ሲሰነጠቅ የፈሰሰው ላቫ በትሪያሲክ ዘመን ማብቂያ ከደረሰው ታላቅ ጥፋት ጋር ተገጣጥሟል፤ ከ135 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በዛሬዎቹ ብራዚልና ናሚቢያ ላይ የፈሰሰው ግን እጅግ ሰፊ ሆኖ ሳለና የደቡብ አትላንቲክ መከፈትም ተከትሎት ሳለ፣ ያን የመሰለ የጅምላ መጥፋት አላስከተለም።