ለሩሲያ የሥራ ፈቃድ የሚጠየቀው የቋንቋ፣ የታሪክና የሕግ ፈተና፦ በአሥር ሳምንት ይደረስበታል?

ጥያቄ፦ በያጁ

ጤና ይስጥልኝ። የብየዳ ባለሙያ ነኝ፤ በሙያው 12 ዓመት ሠርቻለሁ። ሴንት ፒተርስበርግ የሚገኝ አንድ የብረታ ብረት ድርጅት ሊቀጥረኝ ተስማምቶ የሥራ ፈቃዴንና የግብዣ ደብዳቤዬን በማስጨረስ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ከድርጅቱ ተደውሎልኝ የሩሲያ ቋንቋ፣ የሩሲያ ታሪክና የሕግ መሠረታውያን ፈተና ማለፍ እንዳለብኝ ተነገረኝ። ለመሄድ የቀረኝ አሥር ሳምንት ገደማ ነው።

ቋንቋውን ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆኖኛል። ፊደሉን አነባለሁ፤ ሰላምታና የሥራ ቃላትም ይዣለሁ። ያስጨነቀኝ ታሪኩ ነው። እንኳን የሩሲያን፣ የራሳችንን ነገሥታት ተራ እንኳ በቅጡ አልይዝም። ሰርተፊኬቱን መቼ ነው የማቀርበው? ፈተናው ምን ይመስላል? በተጨማሪ፣ ኦዴሳ ተምረው በ1977 ዓ.ም. በመሐንዲስነት የተመረቁ አጎት አሉኝ። እርሳቸውም እዚያ ሥራ አግኝተዋልና መፈተን ይኖርባቸዋል? አንድ ሰው ደግሞ «ሳትፈተን ሰርተፊኬቱን አስወጣልሃለሁ» ብሎኛል። እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

መልስ፦ የሠራተኛ ጉዳይ አስፈጻሚ፣ ሞስኮ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ወረቀቱን እናጥራ። ይህ ፈተና እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2015 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለ ነው። ቀደም ሲል ከ2012 መጨረሻ አንስቶ በንግድና በአገልግሎት ዘርፍ ከሚሠሩት የውጭ ዜጎች ቋንቋ ብቻ ይጠየቅ ነበር፤ ታሪኩና ሕጉ የተጨመሩት በ2015 ነው።

ብዙ ሰው «ፓተንት» ስለሚባለው ወረቀት ሰምቶ ይደናገራል። ፓተንት ያለ ቪዛ ለሚገቡ አገሮች ዜጎች ነው፤ እንደ ኡዝቤኪስታንና ታጂኪስታን ላሉት። እኛ ቪዛ ስለሚያስፈልገን የሚመለከተን ቀጣሪው የሚያስወጣው የሥራ ፈቃድ ነው። የጊዜ ገደቡን ልብ በል፤ ፈቃዱ ከተሰጠበት ዕለት ጀምሮ በ30 የቀን መቁጠሪያ ቀናት ውስጥ ሰርተፊኬቱ ካልቀረበ ፈቃዱ ይሰረዛል። ቀኑ የሚቆጠረው አንተ አገሩን ከረገጥክበት ዕለት ሳይሆን ፈቃዱ ከወጣበት ዕለት ነው። ስለዚህ ቀጣሪህ ፈቃዱ የወጣበትን ቀን በጽሑፍ እንዲያሳውቅህ ዛሬውኑ ጠይቅ። በሥራዬ ያየሁት ትልቁ ኪሳራ ከዚህች አንዲት ቀን አለማወቅ የመጣ ነው። ጎበዝ ሠራተኛ፣ ቋንቋውንም የሚችል፣ ቀኑ አልፎበት ተመለሰ። እስከ አሁን ያሳዝነኛል።

አጎትህን በተመለከተ ደስ የሚል ዜና አለኝ። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1 ቀን 1991 በፊት በሶቪየት ኅብረት ግዛት የተሰጠ የትምህርት ማስረጃ ያለው ሰው ከፈተናው ነፃ ነው። ኦዴሳ ዛሬ ዩክሬን ብትሆንም ያኔ የሶቪየት ኅብረት ነበረች። ከዚያ ቀን በኋላ በሩሲያ ተምሮ የመንግሥት መመረቂያ ፈተና ያለፈም እንዲሁ ነፃ ነው። ዕድሜያቸው 65 የሞላ ወንዶችና 60 የሞላ ሴቶች የማይፈተኑት ግን ለመኖሪያ ፈቃድ ሲያመለክቱ ነው እንጂ ለሥራ ፈቃድ አይደለም።

መልስ፦ ተፈትኜ ያለፍኩ

የእኔን ልንገርህ። እኔ ወጥ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የቋንቋው ክፍል ማንበብ፣ መጻፍ፣ ማዳመጥ፣ መናገር፣ እንዲሁም ቃላትና ሰዋስው አለው። ለሥራ ፈቃድ የሚጠየቀው ደረጃ ለመኖሪያ ፈቃድ ከሚጠየቀው ዝቅ ያለ ነው። ጽሑፉ በእኔ ጊዜ ቅጽ መሙላት ነበር፤ ስም፣ አድራሻ፣ ዜግነት፣ ሙያ፣ የትዳር ሁኔታ። እነዚህን በእጅህ፣ በሩሲያ ፊደል፣ ሳትደነቃቀፍ እስክትጽፍ ድረስ በየቀኑ ሙላ። ንግግሩ የተራቀቀ ነገር አያስፈልገውም፤ ማን እንደሆንክ፣ ምን እንደምትሠራ፣ ቀንህን እንዴት እንደምታሳልፍ ትናገራለህ። ያስደነገጠኝ ማዳመጡ ነው። ድምፁ ከቴፕ ይመጣል፣ ፊት አይታይም፣ እጅ አይወራጭም። ከሰው ጋር ብቻ የተለማመደ ሰው እዚያ ይቸገራል። በስልክ ማውራት ተለማመድ።

መልስ፦ የቋንቋ አስተማሪዋ

ስለ ማዳመጥ የተባለውን ላጠናክር። በሩሲያኛ የድምፅ አጽንዖት ያላረፈበት «ኦ» ወደ «አ» ይቀርባል። «ሞስክቫ» ተብሎ የተጻፈው «ማስክቫ» ተብሎ ይነገራል። ይህን ያላወቀ ተማሪ ጽሑፉን እያወቀው ድምፁን አይለየውም። ፊደሉም እንግሊዝኛ ለለመደ ዓይን ወጥመድ አለው፤ የእንግሊዝኛውን «ፒ» የመሰለው «ር» ነው፣ «ኤች»ን የመሰለው «ን» ነው፣ «ሲ»ን የመሰለው ደግሞ ሁልጊዜ «ስ» ነው።

ግን አንድ ነገር ልንገርህ፣ እኛ ዕድለኞች ነን። እንግሊዞችን ዓመት ሙሉ የሚያለፋቸው የሩሲያኛ አናባቢ እኛ በሳድስ የምንጠራው «እ» ማለት ይቻላል። «ች»፣ «ሽ»፣ «ዥ» ሁሉም አሉን። አፍህን አትጠራጠር። ጉልበትህን በግሡ ላይ አውለው። እኛ «ሄደ» ብለን የምናልፈውን እነርሱ በሁለት ይከፍሉታል፤ በእግር ከሆነ «ኢድቲ»፣ በተሽከርካሪ ከሆነ «ዬኻት»። ሰዋስው ክፍል ውስጥ ይህች ልዩነት ደጋግማ ትመጣለች።

የታሪኩና የሕጉም ጥያቄ የሚቀርበው በሩሲያኛ መሆኑን አትርሳ። ስለዚህ ከዓመተ ምሕረቶቹ በፊት የጥያቄ ቃላቱን ያዝ፤ «ክቶ» ማን፣ «ግዴ» የት፣ «ካግዳ» መቼ፣ «ፍ ካኮም ጋዱ» በየትኛው ዓመት። መልሱን እያወቀ ጥያቄው ሳይገባው የወደቀ ተማሪ አጋጥሞኛል።

መልስ፦ ታሪክ ወዳዱ

በያጁ ወንድሜ፣ «የራሳችንን ነገሥታት እንኳ» ያልከው ልቤን ነካኝ። ሁለቱን አብረህ ተማራቸው፤ አንዱ ሌላውን ይይዝልሃል። ይህ ለእኔ ሠርቶልኛል።

ልዑል ቭላዲሚር ሕዝቡን ያስጠመቀው በ988 ነው፤ ከእኛ ኢዛና ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ። አራተኛው ኢቫን የመጀመሪያው ጻር ሆኖ ዘውድ የደፋው በ1547፣ ግራኝ አሕመድ ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ነው። ቀዳማዊ ኢያሱና ታላቁ ጴጥሮስ ሁለቱም የነገሡት በ1682 ነው! የምትሄድበትን ከተማ ጴጥሮስ የቆረቆረው በ1703 ነው፤ ኢያሱ ገና በሕይወት ነበር። አፄ ቴዎድሮስና ዳግማዊ አሌክሳንደርም በአንድ ዓመት፣ በ1855 ዙፋን ያዙ። አሌክሳንደር በ1861 ገበሬውን ከባለርስት ነፃ ያወጣው ነው፤ ይህች ዓመት ከመጽሐፉ ሁሉ የበለጠ ትጠየቃለች ብዬ ባስብ አልሳሳትም። የመጨረሻው ጻር ዳግማዊ ኒኮላይ ዘውድ የደፋው በአድዋ ዓመት ነው፤ ከዙፋኑ የወረደው ደግሞ በ1917፣ ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ በደፉ በማግስቱ ወር።

በዚህ መንገድ የማይያዙትን በቃልህ ያዝ፤ በ1242 አሌክሳንደር ኔቭስኪ በበረዶው ሐይቅ ላይ የተዋጋው ጦርነት፣ በ1380 የኩሊኮቮ ጦርነት፣ በ1812 የናፖሊዮን ወረራና ቦሮዲኖ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1961 ጋጋሪን ወደ ጠፈር የወጣበት፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1993 ሕገ መንግሥቱ።

በያጁ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ 1682ን ከእንግዲህ አልረሳትም። ግን ሁለት ነገር አምታታኝ። አድዋን የማውቀው 1888 ብዬ ነው። የጥቅምት አብዮት የሚከበረውስ ለምን በኅዳር ነው?

መልስ፦ ታሪክ ወዳዱ

ለፈተናው ሁሉንም በእነርሱ አቆጣጠር ያዝ፤ እኔም የጻፍኩት በዚያ ነው። የእኛ 1888 የእነርሱ 1896 ነው። ጥቅምትና ኅዳር የተምታታው ሩሲያ እስከ 1918 መጀመሪያ ድረስ በአሮጌው የጁልያን አቆጣጠር ትጠቀም ስለነበር ነው። በአሮጌው ጥቅምት 25፣ በአዲሱ ኅዳር 7 ሆነ። ገናን ከሌላው ዓለም ዘግይቶ ለሚያከብር ሕዝብ ይህን ማስረዳት አይከብድም።

ሌላ የሚያሳስት አለ። «ታላቁ የአርበኞች ጦርነት» የሚሉት ከሰኔ 22 ቀን 1941 እስከ ግንቦት 9 ቀን 1945 ያለውን ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1939 ጀመረ ብለህ ያንን ዓመት እንዳትመርጥ።

መልስ፦ የሠራተኛ ጉዳይ አስፈጻሚ፣ ሞስኮ

«ሳትፈተን አስወጣልሃለሁ» ያለህን ሰው በተመለከተ ሁላችንም ዝም ብለን አለፍነው፤ ማለፍ አልነበረብንም። እባክህ ገንዘብህን አትስጠው። ሰርተፊኬቱ በመንግሥት መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ መዝገቡ ውስጥ የሌለ ወረቀት ያቀረበ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 327፣ ሐሰተኛ ሰነድ በመጠቀም ሊከሰስ ይችላል። ከአገር መባረርና ለዓመታት እንዳይገቡ መከልከልም አለ። ደላላው አዲስ አበባ ይቀራል፤ ተጠያቂው አንተ ነህ።

ከሕጉ ክፍል ደግሞ ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለኑሮህ የምትፈልገው ይህ ነው፤ የሥራ ፈቃድህ የሚሠራው በተጻፈበት ክልልና በተጻፈበት ሙያ ነው። ሴንት ፒተርስበርግ ተብሎ ከተሰጠህ ሞስኮ ሄደህ መሥራት አትችልም። የአደጋ ጊዜ ስልክ 112 ነው። ፕሬዚዳንቱ የሚመረጠው ለስድስት ዓመት ነው።

መልስ፦ የቀድሞ ተማሪ

ልጄ፣ እኔም ከአጎትህ ዘመን ነኝ፤ በእኛ ጊዜ ፈተናው ክረምቱ ነበር። አጎትህን ዲፕሎማቸውን ከነማርክ ዝርዝሩ አሁኑኑ እንዲፈልጉት ንገራቸው። ብዙዎቻችን ሳጥን ውስጥ ጥለነዋል፤ አይጥ የበላባቸውም አሉ። ከዲፕሎማው ላይ ያለው የሩሲያኛ ስማቸው ከዛሬው ፓስፖርት ትርጉም ጋር ይመሳሰል እንደሆነ ይዩ። የእኔ የአባቴ ስም ዲፕሎማው ላይ እንደ ቤተሰብ ስም፣ ፓስፖርቴ ላይ በሌላ አጻጻፍ ነበርና ሁለቱ ሰው አንድ መሆናቸውን ለማስረዳት ወራት ፈጅቶብኛል።

አንተም ብትሆን ስምህ በሩሲያ ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ አንዴ ወስን። በፓስፖርትህ ትርጉም፣ በሥራ ፈቃድህና በፈተና ምዝገባህ ላይ አንዲት ፊደል እንኳ እንዳትለያይ። የልደት ቀንህም ወደ እነርሱ አቆጣጠር ሲዞር ፓስፖርቱ ላይ ካለው እንዳይወጣ።

አዲስ አበባ የሚገኘው የሩሲያ የሳይንስና የባህል ማዕከል፣ ፑሽኪን የምንለው፣ የቋንቋ ትምህርት ይሰጣል። ሄደህ ጠይቅ።

በያጁ

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ፤ ስሜን ዛሬ አየሁት። የፓስፖርቱ ትርጉም በአንድ ፊደል ከግብዣው ረቂቅ ይለያል። ለድርጅቱ ጽፌ እንዲያስተካክሉ ጠይቄያለሁ፤ ፈቃዱ የሚወጣበትን ቀንም አብሬ ጠየቅሁ። አጎቴ ዲፕሎማቸውን አግኝተዋል፤ ሽፋኑ ለቅቋል እንጂ ማኅተሙ ይነበባል። ነገ ፑሽኪን ማዕከል ሄጄ የማታ ክፍል እንዳላቸው እጠይቃለሁ።