ክርክር፦ የዘርና የእኩልነት ጥናት በሕዝብ ገንዘብ ይሠራ ወይስ ይቅር?

ጦሳ ሥር፦ ሰላም ጀመዓ። አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 2025 የትራምፕ መንግሥት ስለ ዘር ልዩነትና እኩልነት ለሚሠሩ ብዙ ጥናቶች የሚሰጠውን ገንዘብ ከመሃል አቋረጠ። አንድ ዳኛ የጤና ጥናቶቹን ማቋረጥ ሕገ ወጥ ነው አሉ። በነሐሴ ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ገንዘቡ ለጊዜው እንደተቋረጠ እንዲቆይ ፈቀደ። እዚህ ወሎ ቢሆንስ? በግብራችን ማን ከማን ያንሳል ብሎ ማጥናት ይጠቅማል ወይስ ቁስል መነካካት ነው? ሳትሰዳደቡ።

የኮምቦልቻዋ፦ ይቅር። አባቴ አማራ፣ እናቴ ኦሮሞ፣ የእናቴ እናት አርጎባ። የቀበሌ መታወቂያ ላወጣ ሄጄ ብሔር የምትለዋ መስመር ላይ ደረስን። ጸሐፊዋ እስክሪብቶ ይዛ ታየኛለች። «ወሎ በይው» አልኳት። ሳቀችና «እንዲህ የሚባል የለም» ብላ የአባቴን ጻፈች። አሁን ደግሞ አጥኚ መጥቶ ያችኑ መስመር ሊሞላ ነው? ፋይዳ እንኳ ብሔር አይጠይቅም።

ሲስተር ከሐይቅ፦ እህቴ፣ ሳይለዩ የማይታይ ነገር አለ እኮ። ጣት ላይ የምትሰካዋን የኦክስጅን መለኪያ ታውቂያታለሽ አይደል፣ በኮቪድ ጊዜ ሁሉም ያወቃት። በቆዳ ውስጥ በሚያልፍ ብርሃን ነው የምታነበው። እዚያው አሜሪካ በ2020 በወጣ ጥናት መሣሪያዋ «ደህና ነው» እያለች ደማቸው ውስጥ ኦክስጅን ያነሰባቸውን ሲቆጥሩ፣ ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ ከነጮቹ 3.6 በመቶ ሆነው ተገኙ። የቆዳን ቀለም ሳይለይ የቆጠረ ሰው ይህን ከየት ያመጣዋል? ያቺው መሣሪያ እኮ ናት እኛም ጋ ያለችው።

ጋሽ ፒያሳ፦ እሱ ሕክምና ነው ልጄ። እዚህ ማን ማንን ይጠይቃል? አንዱ አጎት እስላም፣ አንዷ አክስት ክርስቲያን፣ ለአንድ ሰርግ ሁለት በሬ ይታረዳል፣ አብሮ ይጨፈራል። ገንዘቡን ለማዳበሪያ ያውሉት።

ጀበናው፦ ማን ማንን ይጠይቃል አሉ ጋሼ? እሺ ልንገርዎት። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ጀበና ትዘረጋለች። ገዢው ያነሣና በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ ድምፁን ይሰማል፣ ወደ ፀሐይ አዙሮ ስንጥቅ ይፈልጋል፣ ተከራክሮ ይገዛል። በዚያው ጀበና ቡና ሲፈላ ግን እናቴ አትጠራም፣ ቡዳ ናት ይሏታላ። እኔ ዲግሪ ይዤ ሥራ ይዤ ሽማግሌ ስልክ «ልጁ ጨዋ ነው፣ ዘሩ ግን...» ተብሎ ተመለሰልኝ። እዚህ ላይ አማራው፣ ኦሮሞው፣ እስላሙ፣ ክርስቲያኑ አንድ ናችሁ ወላሂ። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብ በአዋጅ ከለከሉ፣ መቶ ዓመት አለፈው። አዋጁ ምላስን ከለከለ እንጂ ጋብቻውን አልነካውም። ደግሞ ብሔር ብትሉኝ እኔም አማራ ነኝ። በ1999ኙ ቆጠራ ከእናንተው ጋር ተደምሬ ጠፍቻለሁ ማለት ነው። እና ይጠና እላለሁ፣ ግን ያችን መስመር ብቻ ይዞ የሚመጣ ከሆነ እኔን አያገኘኝም።

የኮምቦልቻዋ፦ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም። የተጻፈ ነገር ከማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። መንገድ ላይ መታወቂያ አውጪ ስባል ሆዴን ቡጭ የሚያደርገኝ ያቺ መስመር ናት።

መምህሩ ከወልድያ፦ ፍርሃትሽ ልክ ነው፣ ስም ሳይጻፍ ማጥናት ግን ይቻላል። ዝም ማለትም እኮ ይገድላል። በ1965 ወሎ በረሃብ ሲያልቅ የዩኒቨርሲቲ መምህራን መጥተው ያዩትን ፎቶ አንሥተው ተመለሱና አዲስ አበባ ግቢያቸው ውስጥ አሳዩ። ያን ጊዜ ነው ተማሪው የጮኸው።

ጋሽ ፒያሳ፦ እነሱ በማን በጀት መጡ? መንግሥትማ ሊደብቅ ነበር! ራስህ መለስክልኝ። መንግሥት የከፈለበት ጥናት የመንግሥትን ገበና አያወጣም።

ሲስተር ከሐይቅ፦ ታዲያ ማን ይክፈል? ፈረንጅ ሲከፍል ደግሞ «አጀንዳ አለው» ትላላችሁ።

ጦሳ ሥር፦ ጋሼ እዚህ ላይ አሸነፉን መሰለኝ። እኔ ግን ገንዘቡ ከሕዝብ ወጥቶ ጥያቄውን ካድሬ ሳይሆን ራሱ ሰውየው ቢያወጣው እላለሁ። ጀበናው፣ ለመሆኑ እናንተ ጋ አጥኚ መጥቶ ያውቃል?

ጀበናው፦ አንዴ መጥቷል። እናቴን ሁለት ሰዓት ሙሉ አስቀምጦ ጠየቃት፣ ፎቶ አነሣት፣ ሄደ። አንድ ጀበና እንኳ አልገዛም 😂

ጦሳ ሥር፦ ምን ብሎ ጠየቃት?

ጀበናው፦ ጭቃው ከየት እንደሚመጣ።