ውዱ የማርሽ ሽቦ ሽፋን ገንዘቡን ያወጣል? (አስቸኳይ)

ከሱሉልታ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ቸኩያለሁ፣ እርዱኝ። የሳይክሌ የኋላ ማርሽ አልታዘዝ ብሏል። ወደ ትልቁ ጥርስ ስስበው ይወጣል። ወደ ትንሹ ስለቀው ግን አይወርድም፤ ቆይቶ ቆይቶ ሳላስበው ዘሎ ይገባል። ዛሬ ዳገቱ ላይ እንዲህ አድርጎኝ ልወድቅ ነበር። ሳይክል ቤት ስወስደው ሽቦው ከነውጪው ሽፋኑ መቀየር አለበት አሉኝ። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ በሜትር እየተቆረጠ የሚሸጠው ጥቁሩ ነው። ሌላው ከውጭ የመጣ፣ የታሸገ፣ ዋጋው የተራውን አምስት እጥፍ የሆነ ነው። እውነት ልዩነት አለው? ነገ በጠዋት አዲሱ ገበያ መድረስ አለብኝ። ሥራ የምገባው በሱ ነው።

ባለ ካቻቢቴው፦ ወንድሜ፣ ምንም አትግዛ። ኋላ ማርሹ ላይ በእጅ የምትዞር ማስተካከያ አለች። ግማሽ ዙር አዙራት። አለቀ።

የለገጣፎው፦ የኋላው ማርሽ ባለ ስንት ጥርስ (ደረጃ) ነው? ሽቦው መቼ ነው የተቀየረው? ሽፋኑ ከመሪው እስከ ኋላ ድረስ ይሸፍነዋል ወይስ መሃል ላይ ሽቦው ራቁቱን ነው የሚሄደው? ይሄ ሳይታወቅ ግዛ አትግዛ ማለት ይከብዳል።

የድሮ መካኒክ፦ ልጆች፣ መጀመሪያ ነገሩ ይግባችሁ። ሽፋን ሲባል ሁለት ዓይነት ነው። የፍሬኑ ውስጡ ጠፍጣፋ ብረት ተጠምዝዞ የተሠራ ነው፤ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ 5 ሚሊ ሜትር ነው። የማርሹ ደግሞ ቀጫጭን ሽቦዎች በቁመት ተደርድረው በፕላስቲክ የተያዙ ናቸው፤ ብዙው 4 ሚሊ ሜትር ነው። ድሮ ለሁለቱም የተጠመዘዘው ነበር የሚገባው። ማርሹን በጆሮህና በእጅህ ነበር የምትፈልገው። ሺማኖ በ1984 እ.ኤ.አ. በጠቅታ የሚገባውን ማርሽ ሲያመጣ ግን አሮጌው ሽፋን አልበቃም። ምክንያቱም የተጠመዘዘው ሲታጠፍና ሲጨመቅ ርዝመቱ ይለዋወጣል። በአንድ ጠቅታ ሽቦው የሚሳበው ደግሞ በብዙዎቹ ማርሾች ላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ግማሽ ሚሊ ሲጠፋብህ ማርሹ ይስታል። በቁመት የተደረደረው የመጣው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከዋጋው በፊት ዓይነቱን ጠይቅ።

ከሱሉልታ፦ እህታችሁ ነኝ፣ ወንድሜ አትበሉኝ። 8 ጥርስ ነው። መሃል ላይ ሽቦው ራቁቱን ነው። ክረምቱን ሙሉ በጭቃ ነው የነዳሁት። ማስተካከያዋን አዞርኳት፣ ለውጥ የለም።

ሳሪስ ልጅ፦ ነገ ሃይገር ላይ ጫኚው፤ የሃይገሩ ማርሽ ይገባል 😄

አንድ ማርሽ፦ እኔ ጥያቄው ራሱ አይዋጥልኝም። ማርሽ ሲያስቸግር ሁሉም ሽቦ ሽቦ ይላል። ማርሽ መቀየሪያው የሚንጠለጠልባት ብረት ተጣማ ቢሆንስ? ሳይክሉ በቀኝ ጎኑ ወድቆ ያውቃል? የሷን ቀጥታነት ሳታዪ ሽፋን መግዛት ብር መጣል ነው።

ባለ ሞርሳው፦ አንድ ማርሽ፣ ነጥብህ ልክ ነው፤ የሷ ምልክት ግን ሌላ ነው የሚለው። ብረቷ ብትጣመም ሲወጣም ሲወርድም ያንገራግራል፣ ይንጫጫል። እሷ ያለችው ሲሳብ እሺ፣ ሲለቀቅ እምቢ ነው። ወደ ትልቁ ጥርስ የሚያወጣው የአውራ ጣትሽ ጉልበት ነው። ወደ ትንሹ የሚመልሰው ግን የማርሽ መቀየሪያው ስፕሪንግ ብቻ ነው። ሽቦው ውስጥ ጭቃ ወይ ዝገት ካለ ስፕሪንጉ ይሸነፋል። ይሄ ፍትጊያ ነው።

እህቴ፣ ዛሬ ማታ ይሄን አድርጊ። የኋላ ጎማውን አንስተሽ ፔዳሉን እያዞርሽ ማርሹን ትልቁ ጥርስ ላይ አውጪው። ከዚያ ፔዳሉን አቁሚና መሪው ላይ ያለውን መቀየሪያ ወደ ትንሹ ጠቅ ጠቅ አድርጊው። ሽቦው ይላላል። ሽፋኑን ያለ ምንም መፍቻ ፍሬሙ ላይ ከተሰካበት ታወጪዋለሽ። ሽቦው ላይ ወዲያ ወዲህ አንሸራቺው። የት ላይ እንደሚይዝ እጅሽ ይነግርሻል። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ኋላ ጎማ ጋ ያለችው አጭሯ ቅስት ነች፤ ውሃው ወርዶ የሚጠራቀመው እሷ ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ ሳይክሉን ገልብጪና ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት መሃል ሥር ሽቦው የሚያልፍባትን ፕላስቲክ እዪ። ዋልካ እዚያ ገብቶ ከደረቀ ሲሚንቶ ነው። በውሃና በጥርስ ብሩሽ አጽጂው።

የለገጣፎው፦ ይሄ ነው መልስ። እጨምራለሁ፦ ግሪስ እንዳትከቺበት። ውስጡ የፕላስቲክ ቱቦ ስላለው በደንብ ይንሸራተታል፤ ግሪስ አቧራ ሰብስቦ ይዘጋዋል። አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ይበቃል።

ባለ ካቻቢቴው፦ ማስተካከያዋን በሌላው አቅጣጫ ሞክራችኋል? ግማሽ ዙር።

ከሱሉልታ፦ አጭሯ ቅስት ነች! ጨርሶ አትንሸራተትም። ሽቦውም እዚያ ጋ ቀይ ሆኗል። እና ውዱን ልግዛ? አንድ ነገር ደግሞ፦ ሰፈር ያለ ልጅ ከወር በፊት የኋላውን ፍሬን ሲሠራልኝ ከማርሹ የተረፈውን ሽፋን ነበር የገጠመው። እሱንም አብሬ በውዱ ልቀይረው?

ባለ ሞርሳው፦ ቆይ ቆይ። የማርሽ ሽፋን ፍሬን ላይ ነው ያለው? እንግዲያው ነገ በዚያ ሳይክል ቁልቁለቱን አትውረጂ። የማርሹን ጉዳይ አቆዪው፣ ይሄ ይቀድማል። በቁመት የተደረደሩትን ሽቦዎች የያዛቸው ፕላስቲክ ብቻ ነው። ፍሬን ጠበቅ አድርገሽ ስትይዢ ያለው ጉልበት ፕላስቲኩን ሊቀደው ይችላል። ያኔ ፍሬን የለሽም። ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደውን መንገድ ታውቂዋለሽ፤ ከኋላሽ ሲኖትራክ አለ።

የድሮ መካኒክ፦ እውነቱን ነው። ለዚህ ነው ዓይነቱን ያልኳችሁ። ጫፉን ቆርጠሽ እዪው። ዙሪያውን ነጠብጣብ ሽቦ ካየሽ የማርሽ ነው። አንድ ጠፍጣፋ ብረት ተጠምዝዞ ካየሽ የፍሬን ነው። ለፍሬን የሚሆን በቁመት የተደረደረም አለ፤ እሱ ግን በላዩ ተጨማሪ መረብ የለበሰ ነው፣ ማሸጊያው ላይም ለፍሬን ተብሎ ተጽፎበታል።

ባለ ሞርሳው፦ ዋጋውን በተመለከተ የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ለ8 ጥርስ ውዱ አያስፈልግሽም። የውዱ ጥቅም የውስጥ ቱቦው ይበልጥ ማንሸራተቱና ጫፉ ላይ ያለው ቆብ ጭቃ መከላከሉ ነው። እንደ መቁጠሪያ የተሰካካ የአሉሚኒየም ሽፋንም አይቻለሁ፤ ያምራል፣ ግን ለዋልካ አይደለም። ቀለም የተቀባ ሽቦም ቆይቶ ተልጦ ፀጉር ያወጣል። ተራውን 4 ሚሊ ለማርሽ፣ ተራውን 5 ሚሊ ለፍሬን ግዢ። የተረፈሽን ብር የማይዝግ ሽቦና ጥሩ ቆብ ላይ አውዪው። ያቺን አጭር ቅስት ደግሞ በየክረምቱ ማብቂያ ቀይሪያት፤ ትንሽ ቁራጭ ነች።

አቆራረጡ ግን ከሁሉም ይበልጣል። በፒንሳ ከተቆረጠ ጫፉ ይደፈጠጣል፣ የውስጥ ቱቦው ይዘጋል፣ ውዱም ይበላሻል። በሹል መቁረጫ ወይ በግራይንደር ይቆረጥ። ጫፉ በሞረድ ይስተካከል፣ ቀዳዳው በመርፌ ይከፈት። እያየሽ አስቆርጪው።

አንድ ማርሽ፦ የፍሬኑን አልሰማሁም ነበር። ሳሪስ ልጅ ያለው ልክ ነው፣ ነገ በሃይገር ሂጂ። የምሬን ነው።

ከሱሉልታ፦ እሺ። ፈታሁት። ጠዋት በታክሲ ነው የምሄደው፣ ከሥራ መልስ መርካቶ አልፋለሁ።

የለገጣፎው፦ አሮጌዎቹን ቁራጮች ሁለቱንም ይዘሽ ሂጂ። ሽቦውንም ከነጭንቅላቱ፤ የተራራ ሳይክል ፍሬን ሽቦ ጭንቅላቱ ክብ በርሜል ነው፣ የመንገዱ ሳይክል ግን ሌላ ነው፣ አይገባልሽም። ርዝመቱን አሮጌው ላይ ለክተሽ ነው የምታስቆርጪው፤ አሳጥረሽው ከሆነ መሪው ሲዞር ይስበዋል።

ኮዬ ፈጬ፦ እኔም ያው ችግር ነው ያለብኝ፣ የኔ ግን የፊቱ ማርሽ ነው። 4 ሚሊው በሜትር ስንት ነበር? ዋጋውን ካገኘሽ ጻፊልን።

ባለ ካቻቢቴው፦ የፊቱም ማስተካከያ አላት።